ጥቆማ፦ ሜታል ሃላይድ አምፖል ጅማ ላይ ከማን ይገዛ? ማንስ ይጠግነው?

«ሂርማታ መርካቶ ትንሽ ቡቲክ አለኝ። ሱቁን ስረከብ ኮርኒሱ ላይ ከነበሩት ስፖት መብራቶች ግማሹ አይበራም። የቀረውም አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ እየመሰለ ነው። ሜታል ሃላይድ ነው አሉኝ። ላስጠግን ወይስ ሁሉንም ነቅዬ ኤልኢዲ ላስገባ? ጅማ ላይ ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?»

ጥያቄው ይሄ ነው። መልሱ ስለረዘመብኝ ለብቻው ጻፍኩት። ስለ መኪናና ስለ ፕሮጀክተር የጠየቃችሁም ታች አላችሁ።

እህቴ፣ አጭሩ መልስ እንዲህ ነው። ባላስቱ (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ጅረት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ደህና ከሆነ አምፖሉን በሴራሚክ ሜታል ሃላይድ ቀይሪው። ባላስቱ ከሞተ ግን ገንዘብሽን አታፍስሺበት፤ ኤልኢዲ አስገቢ። ደግሞ ውሳኔውን ከአምፖሉ ጥራት ይልቅ የኛ ከተማ መብራት ነው የሚወስነው።

ሜታል ሃላይድ እንደ ድሮው አምፖል ክር የለውም። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ፣ አርጎን ጋዝና የብረት ጨዎች አሉ፦ የሶዲየም፣ የስካንዲየም፣ የታሊየም ወይም የዲስፕሮሲየም አዮዳይድ። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ቅስት ይፈጠራል። ጨዎቹ ይተናሉ፣ ቀለሙን የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ሲበራ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ቆይቶ የሚደምቀው። ይሄ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ችግር የለውም።

ጣጣው ሲጠፋ ነው። የጋለ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ አምፖሉ አብሮ አይመለስም። እስኪቀዘቅዝ አሥርም አሥራ አምስትም ደቂቃ ይፈጃል። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ሆኖ የኛ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ደንበኛ ቀሚስ እየለካች ሱቁ ይጨልማል። መብራት ተመልሶ ጎረቤትሽ ሁሉ ሲደምቅ ያንቺ ሱቅ ብቻ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። ጄኔሬተር ቢኖርሽም ያው ነው፤ እሱ እስኪነሳ ቅስቱ ጠፍቷል።

«ታዲያ ለምን ሴራሚክ ትላለህ?» ካልሽ፣ ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ነው። የጨው ነገር አሮጌ ሐሳብ ነው፤ ቻርልስ ስታይንሜትዝ በሜርኩሪ መብራት ውስጥ ጨው ስለመጨመር ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለሥራ የሚሆን ያደረገው ግን የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ጊልበርት ሪሊንግ ነው፤ የሱ ፓተንት የወጣው በ1966 ነው። የዚያ ዘመን ቱቦ ከኳርትዝ ይሠራ ነበር፣ አምፖሎቹም ትልልቅ ነበሩ፤ ለመጋዘንና ለአደባባይ እንጂ ለሱቅ ኮርኒስ አይሆኑም።

ማሳነሱ ቀላል አልነበረም። ቱቦው ባነሰ ቁጥር ቅስቱ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፣ ግድግዳው ይግላል። ኳርትዝ ደግሞ ሲግል ሶዲየም ቀስ እያለ ያሾልካል። ሶዲየም ሲቀንስ ቀለሙ ይዛባል፤ ያንቺ ሱቅ ውስጥ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ የሆነው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። በ1994 ፊሊፕስ ቱቦውን ከኳርትዝ ወደ ሴራሚክ፣ ማለትም ወደ አሉሚና ቀይሮ ገበያ አወጣ። አሉሚና የበለጠ ሙቀት ይችላል፣ ሶዲየምም በቀላሉ አያሾልክም። በዚያ ላይ ልኩ ተጠብቆ ስለሚሠራ አምፖል ከአምፖል ቀለሙ ይመሳሰላል። 70 ዋቱ በአንድ ዋት 90 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል። 20 ዋት ድረስ ያነሱም ተሠርተዋል።

ሱቅ ስትገቢ ይህን አድርጊ። አምፖሉን ከካርቶኑ አውጥተሽ ወደ ብርሃን ያዢው። መሃሉ ያለችው ቱቦ ጥርት ብላ የምታሳልፍ ከሆነች ኳርትዝ ናት። እንደ ሲኒ ነጭ ከሆነች ሴራሚክ ናት። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለሽ ሳቅ ብለሽ ውጪ። ቀጥሎ ቁጥሩን እይ። 830 ከሆነ የመጀመሪያው 8 ቀለም የማሳየት ችሎታው ከ80 በላይ ነው ማለት ነው፤ 30ው ደግሞ 3000 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለ ብርሃን ነው። 942 ከሆነ ቀለም ማሳየቱ ከ90 በላይ፣ ብርሃኑ 4200 ኬልቪን፣ ነጣ ያለ ነው። ለወርቅ ቤትና ለቆዳ 830 እመርጣለሁ። ለሐበሻ ቀሚስና ለብር ጌጥ 942 ነው፤ በ830 ሥር ነጩ ጥለት ቢጫ ይመስላል። እግሩንም አትርሺ፤ ባለሁለት ፒን ጂ12 እና ትንሹ ጂ8.5 አይለዋወጡም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ጅማ ላይ ሦስት ዓይነት መንገድ አለ።

አንደኛው እዚሁ ሂርማታ መርካቶ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ናቸው። ለኬብል፣ ለብሬከር፣ ለኤልኢዲ ወደር የላቸውም። እዚያው አብርተው ያሳዩሻል፣ ካልሠራም ነገ መልሰሽ ትሄጃለሽ። ለሴራሚክ ሜታል ሃላይድ ግን ምርጫው ጠባብ ነው፤ የሚገኘው በብዛት ኳርትዝ ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ስም ተጽፎ ውስጡ ሌላ የሆነም አጋጥሞኛል። ስለዚህ ስሙን ካርቶኑ ላይ ሳይሆን አምፖሉ አንገት ላይ አንብቢ። ካርቶኑና አንገቱ ካልተስማሙ ተይው።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን 350 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ላይ የተንገላታ አምፖል ነው የሚደርስሽ፤ ተሰብሮ ከመጣ ማንም አይጠየቅልሽም። አሮጌውን አምፖል በአራት በኩል ፎቶ አንስተሽ ላኪ፦ አንገቱን፣ ፒኑን፣ ቱቦውን፣ ጽሑፉን። ከባላስቱ ላይ ያለውን ጽሑፍም ጨምሪ። በስልክ «70 ዋት ላክልኝ» ብሎ ነገር አይሠራም።

ሦስተኛው ጠጋኙ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልብ በይ እዚህ ጋ። የጂፕሰምና የዲኮር ልጆች ኮርኒሱን ያሳምሩታል፣ ለባላስት ግን አልጠቁማቸውም። ሲሠሩ ካየሁት፣ ባላስቱንና ኢግናይተሩን አንድ ጥግ ሰብስበው ከዚያ ረጅም ሽቦ ይዘረጋሉ። ለዓይን ንጹሕ ነው። ኢግናይተሩ ግን አምፖሉን ለማስነሳት አራትና አምስት ሺህ ቮልት የሚደርስ ምት ነው የሚልከው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ምቱ ይዳከማል፣ አምፖሉ ይንተባተባል፣ «አምፖሉ ነው የተበላሸው» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ያንቺም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ኢግናይተሩ ከአምፖሉ አጠገብ፣ ሽቦውም ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይሁን።

እኔ የምጠቁምሽ ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ተምረው ወጥተው በግል የሚሠሩትን ወጣቶች ወይም የቆዩ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻኖችን ነው። ለመለየት ዘዴ አለኝ። «ስንት ዋት ነው?» ብሎ የሚጀምረውን ተይው። «ባላስቱ የመዳብ ነው ወይስ ኤሌክትሮኒክ? ሲጠፋ ራሱ እየጠፋ እየበራ ነው ወይስ ጭራሽ አይነሳም?» የሚለውን ያዢ። እየበራ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ አምፖሉ አርጅቷል ማለት ነው፤ የሚፈልገው ቮልቴጅ እያደገ ሄዶ ባላስቱ አልችለው ብሏል። ጭራሽ ካልተነሳ በደህና አምፖል ይሞከራል። ደህናውም ካልበራ ያኔ ኢግናይተሩ ወይም ባላስቱ ነው። በደህና አምፖል ሳይሞክር «ባላስት ግዢ» የሚልሽን አታምኚው። የሞተ አምፖል ደግሞ ተሰክቶ አይቆይ፤ ኢግናይተሩ በከንቱ ሲመታ ውሎ ራሱን ይጨርሳል።

ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ ትንሽ ልጨምር። ርካሽ ይመስላል እንጂ ሥራው ረቂቅ ነው። የጅረቱ ድግግሞሽ ከቱቦው ልክ ጋር ከገጠመ ጋዙ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይነሳና ቅስቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቱቦውንም ሊሰብር ይችላል። ጥሩዎቹ ይህን ለመሸሽ በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ በካሬ ሞገድ ነው የሚሠሩት። የመዳቡ ባላስት ከባድ ነው፣ ይዘምራል፣ ግን በኛ ቮልቴጅ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። ጅማ ላይ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የመዳቡን ነው።

ቪትዝህ ላይ ዜኖን ላስገጥም ወይ ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ መኪና ላይ «ዜኖን» የምንለው የዚሁ ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1991 በቢኤምደብሊው 7 ነው። ጨውና ሜርኩሪ አለው፤ ዜኖን ጋዝ የተጨመረው ወዲያው እንዲበራ ነው፤ መኪና ላይ ደቂቃዎች አይጠበቁማ። በ35 ዋት 3200 ሉመን ይሰጣል። ሃሎጂኑ ከ50 ዋት በላይ በልቶ ግማሹን አይሞላም። ስለዚህ መፈለግህ ልክ ነው። ግን አጂፕ አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ «ኪት አለ፣ በግማሽ ሰዓት እንገጥማለን» ሲሉህ እምቢ በል። የቪትዝህ አንጸባራቂ የተሠራው ለሃሎጂን ክር ነው። ቅስቱ ክሩ የነበረበት ልክ ላይ አይቀመጥም፤ ብርሃኑ ይበተናል። ማታ ወደ ጊቤ ቁልቁለት ስትወርድ ከፊትህ የሚመጣውን አይሱዙ ታሳውረዋለህ። ሰማያዊ የሚመስለውን 8000 ኬልቪን ደግሞ ጭራሽ አታስበው፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ በኛ ክረምት ዝናብ ደግሞ ምንም አያሳይህም። ከፋብሪካው ዜኖን ሆኖ የመጣ መኪና ካለህ ኮዱን አይተህ ግዛ፤ ዲ2 እና ዲ4 አይለዋወጡም። ዲ4 ሜርኩሪ የለውም፣ የሚሠራበት ቮልቴጅም ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ጅማ ከመዞር አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስጠየቅ ይቀላል።

ለሠርግ አዳራሽ የፕሮጀክተር አምፖል የጠየቃችሁ፦ ያ አምፖል የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ ሜታል ሃላይድ አይደለም። ፊሊፕስ በ1995 ያወጣው ዩኤችፒ ነው። ቅስቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ግፊቱ ከ200 ባር በላይ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉ ግን ግሎ ይቀራል። አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዙ።

ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማታ ለምትሠሩት ብዙ አልልም፤ ኤልኢዲ ፓውዛ።

የተቃጠለውን አምፖል ሰብራችሁ አትጣሉ፣ ጥቂት ሚሊግራም ቢሆንም ሜርኩሪ አለበት። ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ፣ በመጥረጊያ አታቡንኑት። አዌቱ ወንዝ ውስጥማ ነውር ነው። ጅማ ላይ አሮጌ አምፖል የሚቀበል ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ እኔም አንድ ካርቶን ሙሉ ይዤ ተቀምጫለሁ።