ፈረሴ ከግጦሽ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ እግሩን ልጠበው ወይስ ልተወው?

ጠያቂው፣ ከእንጅባራ፦
ሰላም ወገኖች። የሰፈራችን መስክ በዚህ ክረምት ረግረግ ሆኗል። ፈረሴ ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይገባል፣ እኔም በየማታው በውሃ አጥቤ አስገባዋለሁ። አሁን ከሰኮናው ከፍ ብሎ በኋላ በኩል ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ያዘ። ስነካው እግሩን ይነጥቀኛል። ዳማ ነው፣ የኋላ እግሮቹ ግን ነጭ ናቸው፤ የታመሙትም እነሱ ብቻ። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ልወጣበት አስቤያለሁና ከወዲሁ ይዳንልኝ። ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ይላል። ምን ትላላችሁ?

ባለጋሪው፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ዘይቱን እርሳው! የቆሰለ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። እኔ ማታ ጭቃውን አልነካውም። ደረቅ ገለባ ላይ አቆመዋለሁ፣ ጠዋት ደርቆ ሲያድር በብሩሽ ይረግፋል።

ከዳንግላ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ፈረስ ጭቃ ለብሶ ያድራል እንዴ? አባቴ ወንዝ ወስዶ ሳያጥብ አያስገባም ነበር።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ወንዝ ማጠቡ በበጋ ችግር የለውም፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል። በክረምት ግን እርጥብ እግር ይዞ ያድራል። ቆዳው ሲርስ ይላላል፣ ጭቃው ይፍቀዋል፣ በዚያ በኩል ደርማቶፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ይገባል። ከነጭ ፀጉር ስር ያለው ሮዝ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይጠቃል። ስለዚህ ባለጋሪው ልክ ነው፣ ግን ያ ለጤነኛ እግር ነው። ያንተ አንዴ ታሟል፣ መታጠብ አለበት። ፀጉሩን በመቀስ አሳጥርና ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አርሰው። ሲለሰልስ በራሱ የሚለቀውን ብቻ አንሳ፤ በግድ ከላጥከው ይደማል፣ ፈረሱም ዳግመኛ እግሩን አይሰጥህም። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን የቁስል ማጽጃ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥነህ ቀባው፣ 10 ደቂቃ ቆይተህ እጠበውና በንጹህ ጨርቅ ድርቅ አድርገው። ማድረቁን ከዘለልክ ሁሉም ከንቱ ነው። ከኋላ ስትሠራ ጎን ቁም እንጂ ቀጥታ ከኋላው አትሁን።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ቫዝሊንስ? ደግሞ ሲግጥ የኋላ እግሩን በገመድ ነው የማስረው።

ባለጋሪው፦
በል ገመዱን ዛሬውኑ ፍታ! እርጥብ ገመድ እኮ ቆዳ ይልጣል። በአንገቱ እሰረው፣ ከተቻለም ከረግረጉ ወጣ ያለ ዳገት ፈልግለት።

ሐኪሙ፦
ቫዝሊን ጠዋት ከመውጣቱ በፊት፣ ንጹህና ደረቅ ቆዳ ላይ ብቻ። ቅርፊት ላይ ከቀባኸው እርጥበቱንም ተህዋሱንም ውስጥ ታፍናለህ። ሰኮናውንም ማታ ማታ ከስር ጥረግ፣ ጥቁርና የሚገማ ነገር ካለ እሱም መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። እግሩ ወደ ላይ ካበጠ፣ ካነከሰ ወይም በመስመር የተደረደሩ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ካየህ ግን ይሄ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሎች ፈረሶች ለይተህ ክሊኒክ ውሰደው። ብሩሹንና ጨርቁንም ለሌላ ፈረስ እንዳታውስ።

ከዳንግላ፦
አዮዲኑ ከሰው ፋርማሲ ይገኛል?

ሐኪሙ፦
አዎ፣ ያው ነው።