ቀጥሎ ምን ላንብብ?

የምኖረው ወሎ፣ ደሴ ነው። ሰሞኑን ልቤን የወሰዱት ሁለት ልቦለዶች ናቸው። አንዱ በፈረንጆቹ 1956 የወጣው የጄምስ ቦልድዊን «የጆቫኒ ክፍል» ነው። ፓሪስ ውስጥ የተፋቀሩ ሁለት ወንዶች ታሪክ ነው። ሌላው የናይጄሪያ ተወላጇ ቺኔሎ ኦክፓራንታ «ከኡዳላ ዛፎች ሥር» ነው፤ በቢያፍራ ጦርነት፣ ማለትም በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሁለት ልጃገረዶች ይዋደዳሉ። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ይበልጥብኛል። እናትየዋ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ ልጇን ለማቃናት ስትቀመጥ የእኛን ሰፈር ሳሎን ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር አጣሁ። ፒያሳ ያሉ መጽሐፍ ሻጮችን በግልጽ መጠየቅ አይታሰብም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እዚህ አገር በሕግ ወንጀል ነው፣ የሰው አፍም አለ። ዝም ብዬ የጀርባ ሽፋን አነባለሁ፤ ሽፋኑ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ይሸፍነዋል። እንዲህ ላሉ መጻሕፍት የሚሰጠውን የላምዳ ሽልማት አሸናፊዎች ዝርዝርም አየሁ። ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን አሜሪካ ይበዛበታል። የወደድኩትን ልገዛ ስል ደግሞ የአገር ውስጥ ካርዴን አይቀበልም። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ፒዲኤፍ መሃሉ የለም።

አፍሪካዊ ደራሲ የጻፈው፣ ያለ ውጭ አገር ካርድ በስልኬ በሕጋዊ መንገድ የማነበው እንዲህ ያለ ልቦለድ የት ላግኝ?