ሳይጠየቅ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የገባ ፕሮፖዛል ቁጥሮቹ አር ኤፍ አይ ላይ ቢወጡ ምን ይደረጋል?

ጠያቂ_ሜሪላንድ

ሰላም ወገኖች። ድርጅታችን ለአንድ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ የ40 ገጽ ፕሮፖዛል አስገብቶ ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ሙቀት በሴንሰር የሚከታተል ሥርዓት ነው። «በጀት የለንም» የሚል መልስ መጣ። አሁን የመንግሥት ግዢዎች በሚወጡበት ሳም ድረ ገጽ ላይ ያው መሥሪያ ቤት አር ኤፍ አይ (ከጨረታ በፊት ከድርጅቶች መረጃ የሚጠየቅበት ማስታወቂያ) አውጥቷል፤ በየ90 ሰከንዱ መለካቱ፣ ሦስቱ የማንቂያ ደረጃዎች፣ ኮምፕረሰሩ ከመበላሸቱ በፊት የሚለይበት ስሌት ሁሉ የእኛ ነው። «ምስጢር» የሚል ጽሑፍ ያለው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው። ጂ ኤ ኦ (የግዢ ቅሬታ የሚያየው የኮንግረስ ቁጥጥር ቢሮ) ዘንድ እንክሰስ ወይስ ፍርድ ቤት እንሂድ?

ውል_አጥኚ

ከመክሰስ በፊት የእናንተ የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ። የፌዴራል ግዢ ደንቡ፣ ፋር 15.608፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከእንዲህ ዓይነት ፕሮፖዛል ዳታም ሆነ ሐሳብ ወስዶ፣ አቅራቢው ሳያውቅና ሳይስማማ፣ የጨረታ ሰነድ መነሻ ወይም ከሌላ ድርጅት ጋር መደራደሪያ እንዳያደርገው ይከለክላል። ነገር ግን ያው መረጃ ከሌላ ምንጭ ያለ ገደብ የሚገኝ ከሆነ ክልከላው አይሠራም። ብዙ ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በእናንተ ጉዳይ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለው ወሰን በሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) መመሪያ በይፋ የተጻፈ ነው፤ መቅጃው ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ይመዝግብ የሚለውም እንደዚያው። በእነዚህ አትከራከሩ፤ ጠንካራውን ነጥብ ያደክሙባችኋል። ሦስት የማንቂያ ደረጃም ቢሆን የገበያ ዕቃ ሁሉ አለው ይሏችኋል። የሚያዋጣው የኮምፕረሰሩ ስሌት ነው፤ በር ተከፍቶ የሚመጣውን ሙቀት ከብልሽት የሚለይበት ቀመርና የቁጥር ገደቦቹ።

ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ሥሩ። አንደኛው የአር ኤፍ አዩ አንቀጽ ቃል በቃል፣ ሁለተኛው የፕሮፖዛላችሁ ገጽና መስመር፣ ሦስተኛው ያ ገጽ ምልክት ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ አራተኛው ፕሮፖዛሉ ከገባበት ቀን በፊት በአደባባይ ወጥቶ ነበር ወይ የሚል ነው። አራተኛውን ስትሞሉ ከራሳችሁ ጀምሩ፤ ድረ ገጻችሁን፣ ብሮሹራችሁን፣ በስብሰባ ያሳያችሁትን ስላይድ፣ የፓተንት ማመልከቻችሁን። የፓተንት ማመልከቻ በመደበኛው አሠራር ከ18 ወር በኋላ ለሕዝብ ይወጣል፤ ቀመሩ እዚያ ውስጥ ካለና ከወጣ ምስጢር መሆኑ ቀርቷል።

ሰነድ_ጠባቂ

እኔን የሚያሳስበኝ ሽፋኑ ነው። የፋር 15.609 ሁለት ጽሑፍ ይፈልጋል። አንደኛው በርዕስ ገጹ ላይ የሚሰፍረው ረጅሙ ጽሑፍ ነው፤ ዳታው ከመንግሥት ውጭ እንዳይሰጥና ፕሮፖዛሉን ከመገምገም ሌላ እንዳይውል ይልና የተከለከሉትን ገጾች ቁጥር ይዘረዝራል። ሁለተኛው ገደብ ባለበት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የዚህ ገጽ ዳታ በርዕስ ገጹ ላይ በተጻፈው ገደብ ሥር ነው የሚል።

በ2002 የፌዴራል ሰርኪዩት ፍርድ ቤት በዘርክሲ ግሩፕ ጉዳይ፣ በየገጹ ምልክት ያልተደረገበት መረጃ ጥበቃ የለውም ብሎ ከሳሹን መልሶታል። በ1983 በኤርቦርን ዳታ ጉዳይ ግን መንግሥት የገደቡን ጽሑፍ እያወቀ ፕሮፖዛሉን መቀበሉ በተግባር ውል መሥርቷል ተብሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ መስመር ግርጌ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ሁሉ ሥራ ለዚያ መስመር ማጣት ያሳዝናል።

በራስ ቃል «ፍጹም ምስጢር» ብሎ ማጠንከርም አይጠቅም። ከ15.609 የተለየ ጽሑፍ የያዘ ፕሮፖዛል ሳይገመገም እንዲመለስ ደንቡ ራሱ ያዛል።

አንዳንዶች «ስድስት ወር ሳይሞላ ምልክት መጨመር ይቻላል» ይላሉ። ያ የዚያው ደንብ 52.227-14 ላይ ያለ የውል አንቀጽ ነው፤ ውል ተፈርሞ ለሚረከብ ዳታ እንጂ ለፕሮፖዛል አይደለም። ቢሆንም ዛሬውኑ በየገጹ ምልክት ያለበትን ቅጂ ከደብዳቤ ጋር ላኩና የቀድሞው እንዲተካ ጠይቁ። ያለፈውን አይመልስም፤ ከአሁን በኋላ ለሚደረገው ግን ማስረጃ ይሆናል።

ፕሮቴስት_ተከታታይ

በጊዜው ጉዳይ እንዳትሳሳቱ። አር ኤፍ አይ ገና ጨረታ አይደለም፤ አሁን ጂ ኤ ኦ ብትሄዱ ጊዜው አልደረሰም ተብሎ ይመለሳል። አሁን የሚሠራው ለኮንትራክቲንግ ኦፊሰሩ (በመንግሥት ስም ውል ለመፈረም ሥልጣን ላለው ሠራተኛ) እና ፕሮፖዛሎችን ለሚቀበለው ቢሮ 15.608ን ጠቅሶ፣ ሰንጠረዡን አባሪ አድርጎ መጻፍ ነው። ሰንጠረዡ ላይም ምልክቱን አድርጉ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

አር ኤፍ ፒ (የጨረታ ጥሪው) ከወጣ ፕሮቴስቱ (ለጂ ኤ ኦ የሚቀርበው ቅሬታ) መግባት ያለበት የመወዳደሪያ ሰነድ ማስገቢያው ሰዓት ሳያልፍ ነው። አሸናፊው ታውቆ በ10 ቀን የሚለው ለሌላ ዓይነት ቅሬታ ነው፤ እሱን ስትጠብቁ መብታችሁ ያልፋል። ጂ ኤ ኦ በ100 ቀን ውስጥ ይወስናል። የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ ነው፤ መረጃው ምልክት እንደነበረው ወይም በምስጢር እንደተሰጠ፣ ብዙ ጊዜና ወጪ እንደፈጀ፣ ከታተመ ጽሑፍ ወይም ከተለመደ ዕውቀት ሊገኝ እንደማይችል በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት አለባችሁ። የደመወዝ ሰዓት መዝገብና የሙከራ ሪፖርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ገንዘብ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ በተከር አክት (መንግሥትን በውል የገንዘብ ጥያቄ ለመክሰስ በሚፈቅደው ሕግ) መሠረት የፌዴራል ክሌምስ ፍርድ ቤት ነው። የይርጋ ጊዜው 6 ዓመት ነው፤ ድርጅት ያለ ጠበቃ እዚያ መቆም አይችልም። ትሬድ ሲክሬትስ አክትን (የመንግሥት ሠራተኛ የንግድ ምስጢር እንዳያወጣ የሚከለክለውን ሕግ) ጠቅሶ መክሰስ ግን አይሠራም። ያ የወንጀል ሕግ ነው፤ ግለሰብ እንዲከስበት እንደማይፈቅድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በክራይስለር ጉዳይ ወስኗል።

ጠያቂ_ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፕሮፖዛሉን የላክነው ለፕሮግራም ማኔጀሩ በኢሜይል ነው። ችግር አለው? ተፎካካሪ በፎያ (የመንግሥት ሰነድ የመጠየቅ መብት በሚሰጠው ሕግ) ጠይቆ ሊያወጣውስ ይችላል?

ፕሮቴስት_ተከታታይ

አዎ፣ ችግር አለው። ውል ተመሥርቷል ለማለት የተቀበለው ሰው መንግሥትን የማሰር ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ፕሮግራም ማኔጀር ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ኢሜይሉ ወደ ተቀባዩ ቢሮ መተላለፉን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋችኋል። «በጀት የለንም» የሚለውን ደብዳቤ ማን ፈረመው? ኮንትራክቲንግ ኦፊሰር ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

ቀሪውን ራሳችሁ በፎያ ጠይቁ፤ ፕሮፖዛሉን የተቀበሉትን ሰዎች ዝርዝር፣ የገበያ ጥናቱን፣ የአር ኤፍ አዩን ረቂቆች። ቢሮው ፕሮፖዛሉ ላይ የለጠፈውን ሽፋንም አትርሱ፤ አቅራቢው ገደብ የለም ብሎ በጽሑፍ ካልገለጸ በቀር አጠቃቀሙ የተገደበ ነው የሚል ሽፋን እንዲደረግበት 15.609 ያዛል። ለተፎካካሪው ግን ብዙ አትስጉ። ውል ውስጥ ያልገባ ፕሮፖዛል በፎያ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ሕግ ለጨረታ ጥሪ መልስ ሆኖ ለገባ ፕሮፖዛል ነው፤ የእናንተን ባይሸፍነውም በ1987 የወጣው ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር (የፕሬዚዳንት ትእዛዝ) 12600 የንግድ ምስጢር ከመለቀቁ በፊት ባለቤቱ ተነግሮት እንዲቃወም ዕድል ይሰጣል።

ውል_አጥኚ

ከ2025 ጀምሮ ፋር እየተከለሰ ነው፤ የአንቀጽ ቁጥሮቹ ሊቀየሩ ይችላሉ። ደብዳቤያችሁ ላይ ፕሮፖዛሉ በገባበት ቀን ይሠራ የነበረውን ቅጂ ጥቀሱ።