ጓደኛዬ ሲከስር ልቤ ደስ አለው፣ ምን ሆኛለሁ?

ከዚራ ጥላ ሥር፦
ሰላም የድሬ ልጆች። የልጅነት ጓደኛ አለኝ፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። ከ4 ዓመት በፊት ሱቅ ሊከፍት ሲል ገንዘብ አጠረውና የወጣልኝን እቁብ እንዳለ ሰጠሁት። ወለድ የለው፣ ወረቀት የለው። ሰው ሁሉ "አንተማ ወንድሙ ነህ" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። አሁን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ደህና ይሠራል፣ ገንዘቤንም እስከ ሳንቲሟ መልሷል። ባለፈው ሳምንት ማታ ደውሎ ዕቃው ኬላ ላይ እንደተያዘበት ነገረኝ። አፌ አይዞህ እያለ ከውስጥ ግን የሆነች ትንሽ ነገር ደስ አላት። ወላሂ አልዋሽም። ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ላይ ብዙ ቁጭ አልኩ። ያኔ የሰጠሁት ለሱ ብዬ ነው ወይስ ሁሌ እንዲፈልገኝ? ልንገረው?

ሳቢያን ነኝ፦
አቦ አታካብድ! ልብ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም። ብሩን ሰጥተሃል፣ አይዞህ ብለሃል፣ በቃ። ደግሞ እንዳትነግረው። አንተ ትገላገላለህ፣ እሱ ግን ከዚያ በኋላ በሳቅክ ቁጥር ይጠራጠራል።

የጀጎል ልጅ፦
ሳቢያን፣ እኔ አልስማማም። እኛ ሐረር መጀመሪያ የሚጠየቀው ኒያ፣ የልብ ሐሳብ ነው። ሐዲሱ ራሱ ሥራ በኒያ ነው ካለ በኋላ የሚያነሳው ምሳሌ ስደት ነው፤ ለአላህ ብሎ የተሰደደ አለ፣ ሴት ለማግባት ብሎ የተሰደደም አለ። መንገዱ አንድ፣ አቧራው አንድ፣ የሚያገኙት ግን ለየቅል። አያቴ የአፎቻ፣ የእኛ የሐረሮች እድር ሰው ነበረች፣ ሠርግም ለቅሶም አይቀርባትም። ከለቅሶ ስትመለስ ማን መጣ ብለን ስንጠይቃት የምትቆጥረው ጓዳ ገብተው ውኃ አለ ወይ ያሉትን ብቻ ነበር፣ በር ላይ የተቀመጡትን አትጠራቸውም።

አንተን በተመለከተ ያቺ ደስታ ብዙም አላሳሰበችኝም። "ሰው ሁሉ ወንድሙ ነህ አለኝ" ያልካት ናት የከነከነችኝ። እቁቡን እንደሰጠኸው ሰው በምን አወቀ?

የደቻቱ እናት፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን ቸኩላችኋል። በ1998 ክረምት ከደጋው የወረደው ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ስንቱን ሲወስድ የእኛ ቤት ተረፈ። አንዲት ጎረቤቴ ቤቷ ሄደ። ከሷ ጋር ከዓመት በላይ አንነጋገርም ነበር፣ ምክንያቱ አሁን ቢነገር ያስቃል፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ከነልጆቿ አስገባኋት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስገባኋት ሰፈሩ እያየኝ ስለነበር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆነን እየተጋፋን፣ ሽሮ እያብቃቃን፣ በሁለተኛው ሳምንት የትንሿን ልጅ ፀጉር እየሠራሁ ራሴን አገኘሁት። ማንም አላየኝም፣ ማንም አላዘዘኝም። መቼ እንደወደድኳቸው እስከዛሬ አላውቅም። ኒያዬ ዘግይታ ነው የደረሰችው። አንተም ልጄ ልብህ እስኪጠራ ቤት አትቀመጥ። ሂድና አብረኸው ተንከራተት።

ሳቢያን ነኝ፦
እናቴ ይህቺ ልጅ አሁን የት ናት?

የደቻቱ እናት፦
ጅቡቲ። በየበዓሉ ትደውላለች፣ ከገዛ ልጄ በፊት 😊

ከዚራ ጥላ ሥር፦
የጀጎል ልጅ፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ለእቁቡ ዳኛ፣ ለሚስቴ፣ ለሚስቴ እህት፣ አንዴ ደግሞ በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ። ጓደኛዬ እኮ ያኔ እዚያው ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ጫቱን ይቀነጥስ ነበር፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ምንም አልነገርኩትም። ባዶውን መደርደሪያ አብረን ጠረግን፣ ስለ ኬላው ማን ጋር እንደሚኬድ ተነጋገርን፣ ነገ አብሬው እሄዳለሁ። ከዚያ ፉል ጋበዘኝ። ድሮ ቢሆን ሒሳቡን ካልከፈልኩ ብዬ እታገለዋለሁ። ዛሬ ዝም ብዬ በላሁ።