ጥሬ ወተት በጀሪካን መሸጥ በደሴና በኮምቦልቻ ይከልከል?

አወያይ፦
ዛሬ የምንከራከርበት ይህ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጥሬ ወተት በጀሪካን እየዞረ ለካፌ፣ ለሱቅና ለየቤቱ መሸጡን ከተማ አስተዳደሩ ጨርሶ ይከልክለው? ወይስ ፈቃድ ሰጥቶ፣ እየመረመረ እንዲሸጥ ያድርግ? ስሜት ብቻ ይዞ የሚመጣ ይቆየን፤ ዲግሪውን፣ ሚሊ ሊትሩን፣ ሰዓቱን የሚያውቅ ይጻፍ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ይከልከል። ወተት ከጡት ሲወጣ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ያንን በ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሞልተህ ክዳኑን ካጠበቅህ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ፍሪጅ ብታስገባው እንኳ ሙቀቱን ለሰዓታት ይዞ ይቆያል። ትኩስ ወተት ለጥቂት ጊዜ ባክቴሪያን የሚገታበት የራሱ መከላከያ አለው፣ እሱ ሲያልቅ ሩጫው ይጀምራል። በየ30 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ ብንል በ4 ሰዓት 8 ጊዜ ይታጠፋሉ፤ አንዱ 256 ሆነ ማለት ነው። ደሴ ላይ ብርዱ ያግዛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ግን ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ጀሪካኑ ደግሞ አንገቱ ጠባብ፣ እጀታው ባዶ ቱቦ ነው፤ እጅም ብሩሽም አይደርስበትም። እዚያ የቀረው የትናንት ወተት ለዛሬው እርሾ ይሆናል።

ጦሳ ሥር፦
ታዲያ ጀሪካኑን ከልክል እንጂ ወተቱ ምን አደረገህ? አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ግዴታ ይሁን። አስተጣጠቡም በመመሪያ ሊጻፍ ይችላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይለቃለቃል፤ በፈላ ውሃ ከተጀመረ የወተቱ ፕሮቲን ግድግዳው ላይ ይጋገራልና። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና ሳሙና በብሩሽ ይታሻል፣ ይለቃለቃል፣ በመጨረሻ በበረኪና ውሃ ይታጠባል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በአፉ ደፍቶ መደርደሪያ ላይ ማድረቅ ነው። በጨርቅ ማድረቅ የለም፣ ጨርቁ ራሱ ነው መልሶ የሚበክለው።

የጓዳ ሰው፦
የወይራው ጭስስ የት ሄደ? እናቶቻችን ዕቃውን ሳያጥኑ ወተት አይጨምሩም ነበር።

ጦሳ ሥር፦
ጭሱ በእርግጥ ይረዳል፤ ባክቴሪያ ይቀንሳል፣ መዓዛም ይሰጣል። ግን የሚሠራው በደንብ ታጥቦ በደረቀ ዕቃ ላይ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ ፍም አይችልም። ጀሪካን ሲገባ ወይራው የወጣው ለዚህ ነው፤ በምትኩ የገባ ነገር ግን የለም።

የጓዳ ሰው፦
እኔ ክልከላውን አልደግፍም፣ ምክንያቴ እሳት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። "እኛ ጋ ማፍላት አይበቃም" የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘው ነው። ስህተት ነው። ፓስቸራይዝ ማድረግ ማለት 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። የቲቢውም፣ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈው የብሩሴላ በሽታውም ባክቴሪያ በዚያ ይሞታል። ገንፍሎ የተነሳ ወተት፣ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ፣ ደሴም ላይ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ያለው ማኪያቶው ላይ ነው። ብዙ ካፌ ጥሬውን ወተት በማሽኑ እንፋሎት አረፋ እስኪይዝ ይነፋውና ይቀዳል። ያ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ 60 ወይም 65 ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ ለዚያ ሙቀት ደግሞ ሰከንድ አይበቃም፣ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ካፌ ወተቱን እንደተረከበ ያፍላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ያቀዝቅዝ፣ ፍሪጅ ያስገባ፣ ከዚያ ማሽኑ ጋ ይድረስ። ተቆጣጣሪው ድስቱን ይይ፣ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ያንብብ።

ብሩሴላ፦
የእንስሳት ሕክምናውን ጎን ልጨምር። ማፍላት የማይነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ክልከላውም አይነካቸውም።

አንደኛው የመድኃኒት ቅሪት ነው። የጡት በሽታ የያዛት ላም በጡቷ ቱቦ አንቲባዮቲክ ሲሰጣት ወተቷ መድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ለተጻፈው ጊዜ መሸጥ የለበትም። ይደፋል፣ ወይም ለብቻ ይያዛል። እሱን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ማፍላት ቅሪቱን አያጠፋውም። ቀላል መሞከሪያ አለ፦ ከተጠረጠረው ወተት 100 ሚሊ ሊትር ይፈላል፣ ወደ 42 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ሁለት ሚሊ ሊትር ጥሩ እርጎ ይጨመርበታል። ንጹህ መሆኑ የታወቀ ወተትም በተመሳሳይ መንገድ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ንጹሁ በ4 ወይም በ5 ሰዓት ረግቶ ያኛው ውሃ ሆኖ ከቀረ እንዳይረጋ የሚከለክለው ነገር አለ። ነገሩ መድኃኒት ላይሆን ይችላል፣ ያልተለቀለቀ በረኪናም እርጎ ያስቀራል። ስለዚህ ውጤቱ መጠርጠሪያ እንጂ መቅጫ አይሆንም።

ሁለተኛው አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታው መኖ ላይ ይበቅላል፣ መርዙ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፣ እሳትም አይፈታውም። አዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ጋ ከፋጉሎው በተጨማሪ የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካ ተረፈ ብቅል አለ፤ እርጥብ ስለሆነ ከተቆለለ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ወተት ተቆጣጣሪ የፋጉሎ መጋዘን ካላየ ግማሽ ሥራውን አልሠራም። ፋጉሎው በእንጨት ርብራብ ላይ ነው ወይስ ሲሚንቶ ላይ? ጣሪያው ያፈሳል? የሻገተውን ለይቶ ያስወግዳል ወይስ ከደረቀው ጋር ይደባልቃል?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ዶክተር፣ ይህ ሁሉ እኮ ለክልከላው የሚከራከር ነው! ሁለት መቶ ሻጭ ጋ ሁለት መቶ ጊዜ ከምትሄድ ሁሉም በአንድ ማቀነባበሪያ በር ይለፍ፤ እዚያ መርምር፣ እዚያ አሙቅ።

ሰኞ ገበያ፦
በአንድ በር ይለፍ ማለት ቀላል ነው። በሩ የተዘጋ ቀንስ? መብራት ሲሄድስ? አነስተኛ ማሞቂያ ጋን ያለው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ያው ቦታ ነው። 30 ደቂቃውን መቁጠር የሚጀምረው ጋኑ ዳር 63 ሲያነብ ነው፣ መሃሉ ገና 55 ሆኖ። አረፋው ደግሞ ከላይ ተቀምጦ ከሥሩ ካለው ወተት ይቀዘቅዛል፤ ማማሰያው ካቆመ አረፋ ውስጥ ያለው ሳይሞቅ ያልፋል። ከሞቀም በኋላ "ራሱ ይብረድ" ብሎ ተወው እንበል፤ ሙቀቱን የተረፉት ስፖሮች (ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ዘሮች) ለብ ባለው ወተት ውስጥ ይነቃሉ። መጨረሻ ላይ መልሶ በዚያው ጀሪካን ይቀዳዋል። ይኸው "ፓስቸራይዝድ" ተባለ። በመለያ ወረቀት ብቻ የሚያምን ክልከላ ከጥሬው የባሰ ነው፣ ሰው ሳያፈላ ይጠጣዋላ።

ገበያውንም አትርሱ። ሌላ ከተማ በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ፈላጊ ያጣል። ወሎ ውስጥ ጾመኛው ሲተው ሙስሊሙ ይጠጣል፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ደግሞ ፍላጎቱ ይጨምራል። ገዢ ያለው ወተት በወረቀት አይቆምም። በቀን በአደባባይ የሚዞረው ጀሪካን ማታ በጓሮ በር ይገባል፣ ያኔ ላክቶሜትር (ውሃ መጨመሩን ለማወቅ የወተት ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ይዞ የሚጠብቀው የለም። ኬንያም ብትከለክል ጥሬ ወተቱ አልጠፋላትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ነው ትናንሽ ሻጮችን አሠልጥኖ ፈቃድ ወደ መስጠት የዞረችው።

ላክቶሜትር፦
ፈቃድ ይሰጥ ካላችሁ ምርመራው ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ላክቶሜትር ይበቃል ይላል። አይበቃም። ስሜን ከሱ መውሰዴን አትዩ።

የላም ወተት ብዙውን ጊዜ ከ26 እስከ 32 ያነባል። አንዳንዱ መሣሪያ ለ20 ዲግሪ፣ አንዳንዱ ለ15.5 የተሠራ ስለሆነ መጀመሪያ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ወተቱ ከዚያ ሙቀት በላይ ለሆነበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይደመራል፤ በታች ከሆነ ይቀነሳል። ለ20 የተሠራው መሣሪያ 24 ዲግሪ ወተት ውስጥ 27 ካነበበ ትክክለኛው 27.8 ነው። የጠዋት ትኩስ ወተትማ ጨርሶ አይለካ፤ አየርም ስላለበት ያታልላል።

አሁን ችግሩ። 10 በመቶ ውሃ ንባቡን በ3 ገደማ ያወርደዋል። ጥሩ የዲቃላ ላም ወተት 31 ከሆነ ውሃ ተጨምሮበት 28 ያነባል፣ ያልፋል። ሳይነካ 26 ያነበበው የሌላዋ ላም ወተት ደግሞ ለትንሽ ይጣላል። ሌላም አለ፦ ቅባት ቀላል ስለሆነ ሰልቦ ያወጣው ሰው ወተቱ ይከብድለታል፤ በዚያ ላይ ውሃ ሲጨምር ንባቡ ልክ ይመጣለታል። ስለዚህ ላክቶሜትር ያለ ቅባት መለኪያ ብቻውን አይፈርድም።

የመጀመሪያው ምርመራ አልኮል ነው። 2 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 ሚሊ ሊትር 68 በመቶ አልኮል፣ ቀላቅሎ ማዘንበል። ግድግዳው ላይ ጓል ከታየ ወተቱ ኮምጥጧል፣ ወይም እንገር ነው፣ ወይም የታመመ ጡት ወተት ገብቶበታል። 96 በመቶውን ለማቅጠን 710 ሚሊ ሊትር ገደማ አልኮል ላይ የተጣራ ውሃ እስከ 1 ሊትር መሙላት ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል አትጠቀሙ፣ ግሊሰሪን አለው።

ሰኞ ገበያ፦
ጋሼ፣ አንቱ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ተቆጣጣሪው ጓል አይቶ ወዲያው ሊደፋ ነው? አሁን የወለደች ላም እንገር እንጂ የተበላሸ ወተት እኮ አይደለም።

ላክቶሜትር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። በአልኮል የወደቀውን ማፍላት ነው፦ ጥቂት ወተት በቱቦ አድርጎ የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ። ከረጋ ኮምጥጧል፣ ይመለስ። እንገርም ቢሆን እሳት ላይ ይረጋልና ላሟ መቼ እንደወለደች ይጠየቅ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት ለጥጃዋ እንጂ ለገበያ አይመጣም።

ጦሳ ሥር፦
የምርመራው ነገር ገባኝ። ማን ነው የሚመረምረው? ላሟ የግብርናው፣ ካፌው የጤናው፣ ፈቃዱ የንግዱ ነው። ሦስት ጽሕፈት ቤት መጥቶ ሦስት ጊዜ ናሙና ይወስዳል፣ ወይ ደግሞ ሁሉም "የኔ አይደለም" ይላል። ናሙናው ራሱስ እንዴት ይወሰዳል? ጀሪካኑ ሳይማሰል ከላይ ከተቀዳ ቅባት ብቻ ነው፣ ከሥር ከተቀዳ የተሰለበ ይመስላል።

ላክቶሜትር፦
ወተቱ በማማሰያ ከሥር ወደ ላይ ይነሳ። ከዚያ ሦስት ንጹህ ጠርሙስ፦ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ታሽጎ ለሻጩ፣ አንዱ ታሽጎ መዝገብ ቤት። የላቦራቶሪው በበረዶ ሳጥን፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ በዚያው ዕለት ይድረስ። ሻጩ በእጁ የታሸገ ጠርሙስ ከሌለው "ውሃ የጨመርኩት እኔ አይደለሁም" ሲል የሚሰማው የለም። የሻጩ ጠርሙስ የሌለበት ቅጣት ውድቅ ይሁን ብዬ እከራከራለሁ።

ብሩሴላ፦
ለበሽታውም የአንድ በር ጥቅም አለ፣ ሐረጎ እዚህ ጋ ልክ ነህ። ከመሰብሰቢያው ዕቃ 1 ሚሊ ሊትር ወተት ላይ አንድ ጠብታ ባለቀለም አንቲጅን (የብሩሴላ መመርመሪያ ፈሳሽ) ጨምሮ 37 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት ማቆየት ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው ክሬም ቀለበት ሠርቶ ከቀለመ ከዚያ ጋን አቅራቢዎች መካከል አንዱ ጋ ብሩሴላ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ ደም መርምሮ ላሟን መለየት ነው፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው እዚሁ ኮምቦልቻ አለ። የተሰለበ ወተት ላይ ግን አይሠራም፤ እንገርና የታመመ ጡት ወተትም ያሳስተዋል።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ላሟ ተገኘች እንበል። ካሣ ከሌለ ገበሬው ምን ያደርጋል? ሌላ ገበያ ወስዶ ይሸጣታል፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

የጓዳ ሰው፦
እናንተ ሁላችሁ ስለ ወተት፤ እርጎና አይብስ? ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻ ብሩሴላ የለበትም ማለት አይቻልም። ወተቱን ከልክለን እርጎውን ብንተወው የወደቀው ወተት ሁሉ ነገ በእርጎ ስም ይመለሳል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እሺ፣ ጨርሶ ይከልከል ያልኩትን ላጥብበው። ያልተፈላ ወተት ለካፌ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል አይሸጥ፤ ለቤት የሚሄደው ከተመዘገበ ሻጭ፣ በአፈ ሰፊ ዕቃ፣ ከታለበ በ2 ሰዓት ውስጥ ይሁን። ከዚያ በላይ የሚቆይ ካለ መሰብሰቢያ ጋ ቀዝቅዞ ይሂድ። በምርመራ የወደቀው ወተት ግን ይቀለም። ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ይደረግበትና ሻጩ ይዞት ይሂድ፣ ለጥጃው ያጠጣው። ነጭ ሆኖ ከወጣ ሐረጎን ሳይጨርስ ይሸጣል።

ሰኞ ገበያ፦
በዚህ አንስማማም። የኮመጠጠ እንጂ መርዝ ያልሆነ ወተት ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል፣ አሬራውም ለቤት ይሆናል። ቀለም ከጠብክበት ገበሬው ነገ መመርመሪያው ጋ አይመጣም። ቀለሙ ውሃ ለጨመረና መድኃኒት ለተገኘበት ይሁን፤ በአልኮል ብቻ ለወደቀ አይሆንም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
በአልኮል ብቻ የወደቀው ያው የታመመ ጡት ወተት ቢሆንስ? ቅቤውን ማን ይበላል?

ብሩሴላ፦
ያንን ለመለየት አራቱን ጡት በየተራ የማስታይቲስ (የጡት በሽታ) መመርመሪያ ፈሳሽ ላይ ማለብ ነው፣ ላሟ ጋ ሄዶ። ወፍሮ እንደ ንፍጥ የተዝለገለገው ጡት ይለያል። ጀሪካኑ ጋ ቆሞ ማንም አያውቀውም።