የስንቅ ድርቆሽ ጣዕም አልመጣልኝ አለ፤ ምን ጎድሎት ይሆን?

የሞጣ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ድርቆሽ ነው። ገና ከመጀመሪያው ልናገር፤ «ቋንጣ ጨምርበት»፣ «ቅቤውን አብዛበት» የሚል ምክር አልፈልግም። ቋንጣ ፍርፍር የትም አለ፤ ያማረኝ ቀን ሆቴል ገብቼ እበላለሁ። እኔ የምፈልገው ባዶውን ነው፤ በርበሬ፣ ጨውና ውኃ ብቻ ያለበትን የተማሪ ድርቆሽ።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። የአካባቢያችን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. ዘጠነኛ ስገባ እንደ እኩዮቼ ሁሉ ከተማ ቤት ተከራየሁ። ይህን ኑሮ ለማታውቁት፤ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነን እንከራያለን፣ ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ ወደ ቤተሰብ እንሄዳለን፣ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ሲገኝም በሶ። እርጥቡ እንጀራ ማክሰኞን ቢሻገር ረቡዕን አያልፍም፤ በተለይ በክረምት መውጫ ሻጋታው ይቀድመናል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የድርቆሽ ነው።

ክዳን የሌላት፣ አንድ ጆሮዋ የተነቀለ ብረት ድስት ነበረችን። ውኃ እንጥድና በርበሬና ጨው እናደርግበታለን፤ ዘይት ካለ ጠብ እናደርጋለን፣ ከሌለም አንጨነቅም። ሲንተከተክ ድርቆሹን እፍኝ እፍኝ እያደረግን እንጨምራለን። ፍል ውኃው ሲያገኘው ትስስ ይላል፤ የእንጀራው ዓይን መረቁን ይመጥጣል፣ ጠርዝ ጠርዙ ግን ገና እንደ ደረቀ ነው። የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ከዘገየ ይላቁጣል፣ ከተቻኮሉም ድድ ያደማል። መሐሉ ርሶ ጠርዙ ጥርስ ሥር ቀጭ ሲል፣ ከዚያ የሚበልጥ ምግብ አላውቅም።

ዓርብ ጧት ደግሞ የማዳበሪያው ግርጌ ይራገፋል። የተሰባበረው፣ የደቀቀው፣ ዱቄት የሆነው ሁሉ የፈላው በርበሬ ላይ ይነሰነሳል፤ ይወፍርና በማንኪያ ይበላል። ማንኪያው ሁለት ስለነበረ በተራ። እኔ እስከ ዛሬ ከበላሁት ሁሉ አብዝቶ የሚናፍቀኝ ይህ የማዳበሪያ ግርጌ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ፤ እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ውድ የሚባለውን እንጀራ ገዝቼ በረንዳ ላይ አደርቃለሁ። የሚወጣው ግን ወይ ይፈርሳል ወይ ይጠጥራል፤ ያ ጠረን ደግሞ ጭራሽ የለም። የደረቀ እንጀራ መቼም የደረቀ እንጀራ ነው፤ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። የእናንተንም ተራ ምግብ አጫውቱኝ፤ የድግሱን ሳይሆን የአዘቦቱን።


ባለ ሰርገኛ፦

ወንድሜ፣ አንደኛው መልስ አጭር ነው፤ ያኔ ርቦህ ነበር፤ ለራበው ሰው ምን የማይጣፍጥ አለ?

ሁለተኛውን ግን ከሙያዬ ልንገርህ። እህል በረንዳ ጤፍ ስሸጥ ነው የኖርኩት። የከተማ ሰው ሲመጣ «ማኛ አለህ?» ነው የሚለኝ፤ ነጭ ከሆነለት ሌላ አይጠይቅም። ገበሬው ደግሞ ነጩ ዋጋ ስለሚያወጣለት ይሸጠዋል፣ ቀዩን ወይም ሰርገኛውን ለቤቱ ያስቀራል። አንተ በማዳበሪያ ተሸክመህ የበላኸው የቀይ ጤፍ እንጀራ ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም። አሁን የምትገዛው ደግሞ ነጭ ከመሆኑም በላይ ጤፍ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጋጋሪ ሩዝ ይቀላቅልበታል። ሩዝ የገባበት እንጀራ ለዕለቱ ዓይን ይሞላል፣ ሲደርቅ ግን ይሰባበራል፣ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። «ይፈርሳል» ያልከው እሱ ነው። ቀይ ጤፍ ግዛና አስጋግር።


የሞጣ መንገደኛ፦

የጤፉን ነገር ልክ ብለሃል፤ ቀይ ነበር። ከነጩ የምንቀምሰው ለዓመት በዓል ነው።

የረሃቡን ነገር ግን አልቀበልህም። ከዚያ በኋላም ብዙ ርቦኛል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ርቦኛል፣ ሥራ ስፈልግ አዲስ አበባን በእግሬ ሳስስ ርቦኛል። ያን ጊዜ የበላሁት ዳቦ በሻይ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ረሃብ ሁሉን የሚያጣፍጥ ቢሆን ኖሮ እሱም በናፈቀኝ ነበር።


የሦስት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ ያነበበችልኝ ልጄ ናት፤ እኔ የምለውንም እሷ ትጽፍልኛለች። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው የምኖር። ሦስቱንም ልጆቼን ያስተማርሁ በዚሁ ስንቅ ነው።

አንተ በላተኛው ነህ፤ አጋጋሩን አላየኸውም። ድርቆሽ የሚሆነው እንጀራ እኮ ተርፎ የደረቀ አይደለም፤ ከሚበላው ተለይቶ ነው የሚጋገር። ሊጡ ለገበታ ከሚሆነው አንድ ቀን ይጨመርለታል፤ መኮምጠጥ አለበት። አብሲቱ ይቀነሳል። አብሲት የበዛበት እንጀራ ልስልስ ነው፣ ለእንግዳ ያኮራል፣ ሲሰጣ ግን ይለግማል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይሻግታል። ሲጋገርም ስስ ይደረጋል። ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ መታሰስ አለበት፤ እናንተ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ አንዳንዶቻችሁ ይህንን ትታችሁታል አሉ። የሚነደው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

ከተጋገረ በኋላ ትኩሱ አይሰጣም። አንድ ሌሊት ያድራል። በማግሥቱ በእጅ ይቆራረሳል፤ በቢላ አይቆረጥም። ሰፌድ ላይ ይሰጣል፣ ዶሮ እንዳይለቅመው ልጅ ይጠብቀዋል፣ ጤዛ እንዳያገኘው ማታ ይገባል። በእፍኝ ዘግነህ ስትለቀው ሲንኮሻኮሽ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በማዳበሪያ ሆኖ ስንቁ እስኪነሣ ድረስ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይቀመጣል። ጠረን ጠረን የምትለው የቆጥ ጭስ ነው። ፎቅ ላይ ምድጃ የለ፣ ቆጥ የለ፤ ከየት ይምጣልህ?

ሌላም ልንገርህ። ቅዳሜ ለስንቅ ጤፉን እንጋግራለን፣ ለቤት ደግሞ በቆሎና ዳጉሳ ቀላቅለን። ከተማ ሄዶ በሰው ፊት የሚበላው ልጁ ነዋ! እናንተ ዓርብ ስትመጡ ያቺ ጤፍ ያለችበት ትቀርብላችኋለች፣ እሑድ ስትሄዱ እኛ ወደ በቆሏችን። የእናትህ ቤትም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።


ከጅዳ፦

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ስለ ጭሱ ከእማማ ጋር አልከራከርም፣ ግን ጭስ የሌለበትም ይጣፍጣል ለማለት ነው የጻፍኩት።

እዚህ ፀሐይ በነጻ ነው። ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን እንጀራ ጧት ጣራ ላይ ካሰጣሁት ለምሳ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን አሠሪዬ አይታው ለወፎች ያስቀመጥኩት መስሏት ደስ አላት፤ እነሱ ዳቦ መጣል ነውር ስለሆነባቸው የተረፈውን ለወፍ ይሰጣሉ። በኋላ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ ስበላው አገኘችኝና ደነገጠች። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፣ በበርበሬው ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ «ይህ እኮ ፈታ ነው!» አለች። እነሱም የደረቀ ዳቦ ላይ መረቅ እያፈሰሱ የሚበሉት ምግብ አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ምግብ ጉዳይ የጠየቀችኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም አልፎ አልፎ «ድርሻዬን አስቀምጪልኝ» ትላለች፣ በርበሬ ተቀንሶ።

የፈታውን አሠራር ካየሁ በኋላ የኔም ተለወጠ። ወንድሜ፣ ድርቆሹን ድስት ውስጥ አትጨምረው። ሳህን ላይ አድርገውና የፈላውን መረቅ በጭልፋ በላዩ አፍስስበት፣ ክዳን ድፋበትና እጅህን እስክትታጠብ ድረስ ተወው። መሐሉ ይርሳል፣ ጠርዙ እንዳለ ይቆያል። በዝግታ ብትበላም ጥርስ ሥር ቀጭ የሚለውን ታገኘዋለህ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የበቀለ ጤፍ ገዝተን እንጋግራለን፤ እንጀራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል። ድርቆሹን በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ በትንሽ ሙቀት አደርቀዋለሁ። ደህና ነው፤ ከዚህ በላይ ላሞግሰው አልችልም። እናቴ በሰው እጅ የምትልክልኝ ግን ሻንጣው ገና ሲከፈት ቤቱን ይሞላዋል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ አንድ ላይ ታሽጎ ስለሚመጣ አንዱ የሌላውን ጠረን ይዞ ነው የሚደርስ። የሚያመጣልኝ ሰው እስኪገኝ እለምናለሁ፣ ኪሎ እቆጥራለሁ። አንተ እዚያው አገርህ ላይ ተቀምጠህ በረንዳ ላይ ትታገላለህ! እናትህ አሉ አይደል? አስልክ እንጂ።


የሞጣ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላለኸው፤ እናቴ አለች፣ ዕድሜ ይስጣት። ነገር ግን ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ከገባች ቆይታለች፤ የምትጋግረውም በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የላከችልኝን በልቼዋለሁ፤ ከኔው የበረንዳ ድርቆሽ ብዙም አይለይም። ራሷም «እንደ ድሮው አልሆን አለኝ» ትላለች።

የሦስት ልጆች እናት፣ እማማ፤ የበቆሎውን ነገር ደውዬ ጠየቅኳት። «ማን ነገረህ?» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም፣ ወዲያው ስለ ልጆቹ ትምህርት መጠየቅ ጀመረች።

አሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ባለ ሰርገኛ እንዳለው ቀይ ጤፍ ገዛሁ። ባለቤቴ እየሳቀችም ቢሆን ሊጡን አንድ ቀን አሳለፈችልኝ፣ አብሲቱን ቀነሰች፣ ስስ አድርጋ ጋገረች። አሳድሬ በእጄ ቆራረስኩት። ከጅዳ የመጣውን ምክር ተከትዬ መረቁን በጭልፋ ከላይ አፈሰስኩበት። ጠርዙ መጣ! ቀጭ አለ። ትልቁ ልጄ «ቺፕስ ነው?» ብሎ ሳህኔን ሊጨርስብኝ ነበር። የማዳበሪያውን ግርጌ ግን ለማንም አላካፍልም፤ ዓርብ ጧት ለብቻዬ።

የቀረኝ ጠረኑ ነው። ጭሱን ትቼዋለሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኩበት ላንድድ ብል የሕንፃው ኮሚቴ ያባርረኛል። የጎመን ዘሩን ግን ከሾላ ገበያ ገዝቻለሁ። እማማ፣ ይቆላል ወይስ ጥሬውን ነው? ኤሌክትሪክ ምጣድስ ይችለዋል?


የሦስት ልጆች እናት፦

አይቆላም ልጄ። ጥሬው ይፈጫል። ምጣዱን በደንብ አግለህ ትነሰንስበትና በንጹሕ ጨርቅ ታሰዋለህ፤ እስኪጠቁርና ዘይቱን እስኪለቅ ድረስ፣ ከዚያ ጠርገህ ታነሣዋለህ። ኤሌክትሪኩም ይችለዋል፤ ልጄ እንደዚያ ነው የምታደርግ። የመጀመሪያው እንጀራ ጠቆር ቢልብህ አትደንግጥ፣ እሱ ለድርቆሽ ይሆናል። ሲታሰስ ጭሱ ብዙ ነው፤ ጎረቤት እሳት አደጋ እንዳይጠራብህ በረንዳውን ክፈተው።