የአያቴን ባና ቆርጬ ጃኬት ልሰራው ነው፣ ጥለት ካልገባበት የሀገር ልብስ አይባልም?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፋሽን ዲዛይን ጨርሼ የመጀመሪያ የራሴን ስራ እያዘጋጀሁ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እቃ ስናወጣ ከእናቴ ሳጥን ስር የአያቴ ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ ወጣ፣ ከመንዝ ይዛው የመጣችው፣ የበጉን ፀጉር ራሷ የፈተለችው። ጥቁር ነው፣ አንድ ጥጉን ብል በልቶታል፣ እስካሁን ጭስ ጭስ ይሸታል። ይሄን ከመርካቶ ከገዛኋቸው ሰልባጅ ጂንሶች ጋር ገጣጥሜ ረጅም ጃኬት ልሰራው ነው፣ እኔ ራሴ እንደዛ ነኛ፣ ግማሼ መንዝ ግማሼ ፒያሳ። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ግን "ጥለት ጣል አርጊበት ሀበሻ ሀበሻ እንዲል" ይለኛል። እናንተስ? ደሞ መቀስ ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል፣ እናቴ ቁረጪም አትቁረጪም አላለችም፣ ዝምታዋ ከበደኝ።

ጋሽ ሰፊው፦
ልጄ መጀመሪያ እናትሽን ቁጭ አርገሽ ጠይቂያት። ከፈቀደች በኋላ ባናውን በቀጥታ እንዳትቆርጪው፣ የእጅ ሽመና መቀስ ከነካው ድሩ ይተረተራል። በጠመኔ አስምሪና ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጊዜ በመኪና ስፊበት፣ ከዛ መሀሉን ቁረጪ። መርፌ ቁጥር 18 ይሁን፣ ጂንስና ባና ሲደራረብ ቀጭኑ ይሰበራል። ጂንሱን አስቀድመሽ እጠቢው፣ ባናውን ግን በሙቅ ውሃ እንዳታሺው ፀጉር ስለሆነ ይሰበሰባል፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ በብሩሽ አራግፊው ይበቃል። ብል የበላውን አትጣይው፣ ከስሩ ጂንስ አርጊበትና ቀዳዳው ይታይ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ጥለት ጨምሪ የሚሉሽን አትስሚያቸው እህቴ። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ከጨንቻ መጥቶ ስንት አመት ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ለሰው ሰርግና ለሰው ጥምቀት ሲሸምን የኖረ ሰው ነው፣ እኔም ድር ሳደራ ነው ያደግኩት። ለገበያ የምንሰራው ጥለት ሌላ፣ የኛ የጋሞዎቹ ድንጉዛ የሚባለው ሽመና ሌላ፣ ቀይ ቢጫ ጥቁር ነው እሱ። እና ሰው ጥለትን እንደ ማህተም ሁሉም ነገር ላይ ሲመታው ያመኛል፣ የእጅ ስራ ነው እኮ፣ ሰሪ አለው። አንቺ የመንዝ ባና ይዘሽ ለምን የኛን ትለጥፊያለሽ? ከፈለግሽ ደሞ ና ብለሽ ሸማኔውን አሰሪው፣ ምን እንደሆነ ይንገርሽ፣ የተቆረጠ ቁራጭ ከሱቅ ገዝተሽ ግን አይሆንም።

ሜሪ የስድስት ኪሎዋ፦
የሽሮ ሜዳ ልጅ እውነቱን ነው!! ኤልያስ ስሜን እዪው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አለ ፈለገ ሰላም ስነጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተማረው፣ ቁልፍ በክር እየሰፋ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ቦርድ እየገጣጠመ ነው አለም ያወቀው፣ ማንም ጥለት ጨምር ያለው የለም። እና ስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን ሙዚየም ሂጂና ተመልከቺ፣ ከዛ ደሞ በርኖስን፣ ያን የሱፍ ካባ፣ አስቢ፣ ትከሻው ላይ የምትቆመዋን ሹል። ጃኬትሽ ላይ እሷ ብትኖር ያየ የመንዝ ሰው ሁሉ ያውቅሻል።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሽ ሰፊው እግዜር ይስጥልኝ፣ ማታ እናቴን ጠየቅኳት። ባናውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየችና "እሷ ስትሞት የለበሰችው ይሄን ነው፣ በዚህ በኩል ቁረጪ በዚህ በኩል ግን ተይው" ብላ የአንገቱን በኩል አሳየችኝ። እሱን ኮሌታ ነው የማረገው፣ ሳልነካው። ሜሪ የትከሻዋን ነገር ዛሬ በወረቀት ሞከርኳት፣ ቀኝ ትከሻ ላይ ቆማልኛለች። ያለጥለት ነው የምሰራው።